ሞራ የገባበት ጧፍ

ውባንቺ ትባላለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ወረታ ከተማ ዳር፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከተገነጠለ በኋላ የሩዙ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። በደጃፋቸው ቆመው ወደ ከተማው ሲያዩ ባጃጅና የጭነት መኪና ይተራመሳል፤ ወደ ሜዳው ሲያዩ ግን ሩዝና ከብት ብቻ ነው። አባቷ አቶ ዘመኑ ገበሬ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አምሳል ገበያ እየወጡ ሽንኩርት ይሸጣሉ።

ልጆች፣ ውባንቺን ብታውቋት ትወዷት ነበር። ሳቂታ ናት። ታዛዥ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። ጧፍ መሥራት ላይማ የሚስተካከላት አልነበረም።

በእነውባንቺ ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ልማድ አለ። የጽጌ ወር ሲገባ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ሰም አምጥቶ ጧፍ ይሠራል። ከሁሉ ቀጥ ያለውና የጠራው ይመረጣል። የተመረጠው ጧፍ በመጀመሪያው የጽጌ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይለኮሳል። የሠራው ልጅ ጧፉን ይዞ ከዘማሪዎቹ ሁሉ ፊት ይሄዳል። ከዚያ ጧፉ ወደ ውስጥ ገብቶ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ይበራል። የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ ቄሰ ገበዙ ለሠራው ልጅ ለበረከት ይመልሱለታል።

ውባንቺ ካቻምና ተመረጠች። አምናም ተመረጠች። ሁለቱን ቁራጮች በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እናቷ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አንዳንድ ቀን ታወጣቸውና ታሸታቸዋለች። ማር ማር ይሸታሉ። ከዚያ መልሳ ትጠቀልላቸዋለች። ዘንድሮም ሦስተኛው እንደሚጨመር አልተጠራጠረችም።

ዘንድሮ ግን ፀገነት መጣች።

የፀገነት አባት የእርሻ ባለሙያ ነው። ከደሴ ተዛውሮ ወረታ ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ፀገነት ቀጭን ናት፤ ዝም ትላለች፤ ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። መጀመሪያ ሰሞን ውባንቺ ራሷ ነበረች ክሩን እንዴት እንደምትገትር፣ ሰም ውስጥ እንዴት ነክራ እንደምታወጣ ያሳየቻት። «አይ ፀገነት! ሰሙን እንደ ወጥ ታማስይዋለሽ እንዴ?» እያለች ትሥቅባት ነበር። ፀገነትም አብራ ትሥቅ ነበር።

ልጆቹ መስከረምን ሙሉ በአሮጌ ሰም ይለማመዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህርት እትዬ ጽጌሬዳ አንድ ጧፍ ከፍ አድርገው ያዙ።

«እስኪ ይህን እዩልኝ! እንዴት ቀጥ ብሏል! የማን ነው?»

ውባንቺ ልትነሣ ነበር። የእሷ አልነበረም። የፀገነት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውባንቺ በፀገነት መሣቅ ተወች። የፀገነት ደብተር በጋዜጣ መሸፈኑ ያናድዳታል። ነጠላዋን አጣፍታ መልበሷ ያናድዳታል። ልጆቹ «ፀገነት፣ ነይ እዚህ ተቀመጭ» ሲሉ ሆዷ ቅጥል ይላል። ምን ሆና ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ቀንታ ነው። ሌላ ስም የለውም፤ ቀንታ ነው።

ሐሙስ ዕለት በቀለም ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህር አለምነህ ጠረጴዛቸው ላይ ሻማ፣ ክብሪትና ቁራሽ ሰም ያለበት ማንኪያ አኖሩ።

«ቁስ በሦስት መልክ ይገኛል» አሉ። «ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ። ለጋዝ ምሳሌ የሚነግረኝ?»

«የወንዛዬ ፍል ውኃ እንፋሎት!» አለ ትሁን ከኋላ ሆኖ። ባለፈው ሳምንት ከአያቱ ጋር ወንዛዬ ሄዶ ስለነበር ይህን ሳይናገር ያለፈ ቀን የለም።

መምህሩ ፈገግ ብለው ሻማውን ለኮሱና ማንኪያውን ከነበልባሉ በላይ ያዙት። ሰሙ ለሰለሰ፤ ቀለጠ፤ ውኃ መሰለ። ማንኪያውን ሲያርቁት ደግሞ ተመልሶ ጠጠረ።

«ይህ ምን ዓይነት ለውጥ ነው?»

የውባንቺ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። «አካላዊ ለውጥ! ቢቀልጥም ያው ሰም ነው። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።»

«ጎበዝ! ሻማው ሲነድስ?»

ውባንቺ አሰብ እንኳ አላደረገችም። «እሱም ያው ነው። ቀልጦ የወረደውን ስንሰበስበው ሰም ይሆናል።»

«የወረደውስ እሽ፤ የጎደለው የት ሄደ? ሻማው እያጠረ ነው እኮ።»

ውባንቺ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ከመስኮቱ በኩል አንዲት እጅ ቀስ ብላ ወጣች።

«የጎደለው ነዷል» አለች ፀገነት። «ጭስና ሌላ ጋዝ ሆኗል። እሱ ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ሰም አይሆንም።»

«አጨብጭቡላት! ኬሚካላዊ ለውጥ ማለት ይህ ነው። የቀለጠው ይመለሳል፤ የነደደው አይመለስም።»

ሁሉም አጨበጨበ። ውባንቺ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችና ተወችው። «ስለ ሰም ለእኔ ሊነግሩኝ! እኔ ሰም ሳቀልጥ እሷ የት ነበረች?» አለች በሆዷ። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ድንጋይ እየረገጠች ሄደች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ከቤቱ ጥላ ተቀምጠው የእርሻ ጠፍራቸውን ሞራ እየቀቡ አገኘቻቸው። ሞራው ከመስቀል በሬ ቅርጫ የተረፈ ነው። ቆዳው እንዳይደርቅ በየዓመቱ እንዲህ ያለሰልሱታል። ሞራው በጣሳ ሆኖ ፍም አጠገብ ተቀምጧል። ቀልጧል። ቢጫ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። ውባንቺ ጎንበስ ብላ አየችው። ልክ የቀለጠ ሰም ይመስላል።

«አንች ልጅ!» አሉ እናቷ ከውስጥ። «ሞራ ነክተሽ በነጠላሽ እንዳትጠርጊ! የቤተ ክርስቲያን ልብስሽ ነው። ሽታው አይለቅም።»

«እሽ» አለች ውባንቺ። ዓይኗ ግን ከጣሳው አልተነቀለም። ያን ጊዜ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣላት። ሞራ ሰምን ያለሰልሳል። ለስላሳ ጧፍ ደግሞ ይጎብጣል። የጎበጠ ጧፍ አይመረጥም። «ልጆቹ ይሥቁባታል፤ በቃ፤ ሌላ ምን ይመጣል?» አለች።

ልጆች፣ ክፉ ሐሳብ ሲመጣ ሁልጊዜ «በቃ፤ ሌላ ምን ይመጣል?» ይላል። ይህን ሲላችሁ ጠርጥሩት።

ጓዳ ገብታ ካልቀለጠው ሞራ እፍኝ የማይሞላ ቆነጠረች። በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ደበቀችው።

ቅዳሜ ልጆቹ ከአዳራሹ ጀርባ ተሰበሰቡ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ስለሚነድ፣ እትዬ ጽጌሬዳ ውኃ የፈላበት ትልቅ ድስት ጥደው ልጆቹ ጣሳዎቻቸውን በውኃው ውስጥ አስቀምጠዋል።

«ያመጣችሁት ንጹሕ የንብ ሰም ነው አይደል?» አሉ እትዬ ጽጌሬዳ። «ሞራም ሆነ ሌላ ቅባት የገባበት ጧፍ እመቤታችን ፊት አይበራም። ታውቃላችሁ።»

«እናውቃለን!» አሉ ልጆቹ። ውባንቺም «እናውቃለን» አለች።

ትንሽ ቆይቶ ፀገነት ክሯን አዳራሽ ውስጥ ረስታ ኖሮ ልታመጣ ሄደች። ውባንቺ ግራና ቀኝ አየች። የጉሎ ቅጠሉን ፈታች። ሞራውን በፀገነት ጣሳ ውስጥ ጣለችው። ነጩ ጉብታ ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ አነሰ፤ ከዚያ ጠፋ። ሰሙ ምንም ያልገባበት መሰለ።

ፀገነት ክሯን ይዛ መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። የውባንቺን ጣሳ አየች።

«ውባንቺ፣ ሰምሽ እኮ ትንሽ ነው።»

«ይበቃኛል።»

«አይበቃሽም። እኔ ብዙ አለኝ፤ አባቴ ጨምሮ ነው የገዛልኝ።» ፀገነት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ለማንም አልተናገርኩም። ትንሹ ወንድሜ ታሟል። ከተወለደ ገና ሁለት ወሩ ነው። እናቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዛው ተኝታለች። ይህ ሰም የእሱ ስለት ነው። ጧፌ ቢመረጥም ባይመረጥም ለእመቤታችን እሰጣለሁ ብያለሁ። ከዚሁ ላካፍልሽ፤ አንቺም በጧፍሽ ጸልዪለት። ሁለት ሰው ሲሆን ጥሩ ነው።»

ፀገነት ጣሳዋን በጨርቅ ይዛ አወጣችና ግማሹን በውባንቺ ጣሳ ላይ ገለበጠችው።

ውባንቺ ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልተናገረችም። ፈራች። ይልቅ ጣሳዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠችና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችው። «ሲጠጥር ሞራው ለብቻው፣ ሰሙ ለብቻው ይሆን ይሆናል» ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ጠጠረ። ግን ሞራውን በሆዱ እንደያዘ ጠጠረ። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ሁሉም አንድ ነው። መልሳ ብታቀልጠውም አንድ ነው። እናቷ እንዳሉት ሽታው አይለቅም።

«ጧፍሽስ?» አሏት እትዬ ጽጌሬዳ ሲሰበስቡ።

«ተሰበረብኝ፤ እትዬ።»

እነሆ አንዱን ክፉ ሥራ ውሸት ተከተለው። ያን ቀን ውባንቺ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች። እናቷ ግንባሯን ነኩና «አላተኮሰሽም፤ ምን ሁነሽ ነው?» አሏት። «ምንም» አለች።

እሑድ ማለዳ ከሩዙ ማሳ በኩል ብርድ ይነፍስ ነበር። ቅዳሴው አለቀ። ዘማሪዎቹ በግቢው ተሰለፉ። እትዬ ጽጌሬዳ ጧፎቹን አንድ በአንድ አዩ። የፀገነት ጧፍ ጎብጧል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ውባንቺም ያንን ነበር የጠበቀችው። ጧፉ ግን በማለዳው ብርድ ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሞራው ደግሞ ነጣ፣ ለስለስ አድርጎታል። ከሁሉም አምሮ የሚታየው እሱ ነበር።

«ዘንድሮ የፀገነት ነው!» አሉ እትዬ ጽጌሬዳ።

ልጆቹ እልል አሉ። ውባንቺ መጀመሪያ የተሰማት ጸጸት ነው ብላችሁ ነበር? አይደለም። ቅናት ነው። «በእኔ ሞራ! በእኔ ሞራ አሸነፈችኝ!» አለች በሆዷ። ቀጥሎም ሌላ ሐሳብ መጣላት። «ዝም በይ። ሲለኮስ ይጨሳል፤ ይገማል። ሁሉም የእሷ ጥፋት ነው የሚለው። አንችን ማን ያውቅሻል?»

ፀገነት ጧፉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ወጣች። ዓይኖቿን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለወንድሟ እየጸለየች ነው።

ቄሰ ገበዙ ክብሪት ጫሩ። ነፋሱ አጠፋባቸው። ክብሪቱ ጠቁሮ መሬት ላይ ወደቀ። ውባንቺ ያቺን ጥቁር ስንጥር አየቻት። ማንም ሊመልሳት አይችልም። መምህር አለምነህ «የነደደው አይመለስም» ያሉት ትዝ አላት። ጧፉ ገና አልነደደም። አሁን ገና ጧፍ ነው። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን የፀገነት ስለት የሞራ ጭስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውባንቺ ብታለቅስ፣ ብትምል፣ ብትናዘዝ ጭሱን ከሰማይ አትሰበስበውም።

ቄሰ ገበዙ ሁለተኛውን ክብሪት ጫሩ፤ በመዳፋቸው ከልለው ወደ ጧፉ አስጠጉት።

«አባ! አይለኩሱት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ውባንቺ ከሰልፉ ወጥታ ሮጣ ደረሰች። ቄሰ ገበዙ በመገረም ሲያዩዋት ክብሪቱ ነዶ ጣታቸው ላይ ሊደርስ ሲል ጣሉት።

«ምነው ልጄ?»

«ሞራ አለበት። እኔ ነኝ የጨመርኩበት። እሷ አታውቅም። ምንም አታውቅም።»

ወይዘሮ አምሳል ከሴቶቹ መካከል ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ቄሰ ገበዙ ጧፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና አሸተቱት። አንገታቸውን ነቀነቁ።

ፀገነት አልጮኸችም። እንባዋ ብቻ ዝም ብሎ ወረደ። «የወንድሜ ስለት ነው እኮ» አለች። «ነግሬሻለሁ። አካፍዬሻለሁ። ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም አላደረግሽኝም» አለች ውባንቺ። «ቀናሁብሽ።»

ይህን ቃል መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። «ይህ ጧፍ ወደ ውስጥ አይገባም» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ግን ደግሞ አልነደደም። ሳይነድ ተናግረሻል።»

ውባንቺ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «አባ፣ ጥቂት ይቆዩኝ» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ከግቢው ወጣች። በፊቷ የመጣውን ባጃጅ አላየችውም፤ ሾፌሩ «አንች ልጅ!» ብሎ ጮኸባት። እቤት ደርሳ የእናቷን ሣጥን ከፈተች። ነጩን ጨርቅ አነሣች። ይዛው እየሮጠች ተመለሰች።

ሁለቱን ቁራጮች በፀገነት ፊት ዘረጋች። «የካቻምናና የአምና ናቸው። ንጹሕ የንብ ሰም ነው፤ ሞራ የለበትም። አቅልጪውና ለስለትሽ አድርጊው።»

ልጆቹ ተያዩ። እነዚያ ቁራጮች ለውባንቺ ምን እንደሆኑ የማያውቅ አልነበረም።

እትዬ ጽጌሬዳ እሳት አያያዙ። ዘማሪዎቹ ቆመው ጠበቁ፤ ቄሰ ገበዙም ጠበቁ። ውባንቺ የቁራጮቹን ጥቁር ጫፍ ቆርጣ ጣለች። የነደደ ነውና ለምንም አይሆንም። የቀረው ግን በጣሳው ውስጥ ቀለጠ። ማር ማር ሸተተ። ሁለት ዓመት በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረው ኩራቷ ፈሳሽ ሆኖ ሲንጣለል ዓይኗ እያየ ውባንቺ ጣሳውን ያዘች፤ ፀገነት ክሯን ነክራ አወጣች። ፀገነት ገና አዝናባት ነበር።

አዲሱ ጧፍ አጭር ነው፤ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ትንሽም ጠመም ብሏል። ቄሰ ገበዙ ለኮሱት። ጭስ የሌለው ብርሃን ሰጠ። ፀገነት ይዛው ከሁሉ ፊት ሄደች። ውባንቺ ከሰልፉ መጨረሻ ተሰልፋ፣ ለፀገነት ወንድም በሆዷ እየጸለየች ዘመረች። ከዚያ በፊት መጨረሻ ላይ ቆማ አታውቅም። የሚገርመው፣ ሆዷ ቅጥል አላለም።

ሞራ የገባበትን ጧፍ ቄሰ ገበዙ ለውባንቺ ሰጧት፤ እሷም ለሳይንስ ትምህርት ማሳያ እንዲሆን ሰኞ ለመምህር አለምነህ አስረከበችው። በክፍል ውስጥ ሲለኩሱት የጭሱ ሽታ ልጆቹን ሁሉ አፍንጫቸውን አስያዛቸው። «ይህ ከወንዛዬ እንፋሎት ይብሳል!» አለ ትሁን። ውባንቺ መሣቅም ማፈርም አማራት። ሁለቱንም አደረገች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ውባንቺ ከአዳራሹ ጀርባ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ፀገነት መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ወንድሜ ትኩሳቱ ለቀቀው። ማክሰኞ ከሆስፒታል ይወጣል ብለዋል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ውባንቺ። ከልቧ ነበር ያለችው።

ፀገነት ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ነገር ፈታች። ከእመቤታችን ሥዕል ፊት የተረፈችው የጧፍ ቁራጭ ናት፤ ቄሰ ገበዙ ለበረከት መልሰውላት ነበር። ፀገነት ቁራጯን ከመሐል ሰበረቻት። ግማሹን ለውባንቺ ዘረጋችላት።

«አንቺም ጸልየሽለት የለ?» አለች።

ውባንቺ ተቀበለቻት። ከአውራ ጣቷ አትበልጥም። ያችን ትንሽ ቁራጭ በነጩ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ አኖረቻት። ከቀድሞዎቹ ከሁለቱም ይልቅ ዛሬም የምትወዳት እሷን ነው።

ልጆች፣ በሰው ላይ በቀናችሁ ጊዜ ክፉ አታድርጉ፤ ካደረጋችሁም ጥፋታችሁ ነዶ ሳይጨርስ ፈጥናችሁ ለበደላችሁት ሰውና ለእግዚአብሔር ተናገሩ።